ሳላይ «ክታብ ነው» ብዬ የጻፍኩበት ራጅ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰው፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ሸኙኝ። ኃላፊያችን ንግግር ሲያደርጉ «እህታችን አልማዝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ያገለገለች» አሉ። ይቺን ሲሉ እንባዬ መጣ፤ ሰውም የደስታ መስሎት አጨበጨበ። የደስታ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነው። አንድ እንከን ነበረብኝ፤ ያም እንከን ሰው በላ። ከጓደኞቼ ሁሉ የምወዳትን ሰው። ይህን የምጽፈው የኃላፊያችንን ንግግር ለማረም ነው። ሰዓቱንማ ሰቅዬዋለሁ፤ እሱ ምን አደረገኝ።

ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነበር። ደረት፣ እግር፣ የራስ ቅል፣ ከባጃጅ የወደቀ፣ ከግመል የወደቀ፣ ሳንቲም የዋጠ፣ ሁሉንም አንስቻለሁ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ሐረርጌ ደጋ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ማሽኑ የሚሠራው ጄኔሬተሩ ሲሠራ ነው፤ ጄኔሬተሩ የሚሠራው ደግሞ ናፍጣ ሲገኝ ነው። ስለዚህ እዚያ የቆየሁትን ሁለት ዓመት አብዛኛውን ካርድ ክፍል ሳግዝ አሳለፍኩ። እውነተኛ ሥራ የጀመርኩት ወደ ተወለድኩባት ድሬዳዋ ስዛወር ነው። ደሞዙን እንተወው። ቅጹን፣ ማኅተሙን፣ ስንት ፊልም ገባ ስንት ፊልም ወጣ የሚለውን ወርሃዊ ሪፖርትም እንተወው።

ራጅን የሚያበላሸው ሙቀት ነው ቢሉት፣ ድሬ ሠርቶ የማያውቅ ሰው አያምንም። ያን ጊዜ ፊልም የሚታጠበው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በመድኃኒት ገንዳ ነው። መድኃኒቱ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን የቧንቧ ውሃችን ለሻይ ምንም አይቀረው። ፊልሙ ያለልክ ይጠቁርና የጤነኛውንም የታማሚውንም ሳንባ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከመጋላ ገበያ በፌስታል በረዶ እየገዛን ገንዳው ዙሪያ እንደረድር ነበር። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ የምናነሳው ራጅ የጠራ ነው፤ ከቀለጠ በኋላ ግን ግምት ይበዛበታል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ በድሪ ናቸው።

ጋሽ በድሪ ሐረር ተወልደው ድሬ ያረጁ፣ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሰው ነበሩ። «ትንፋሽ ያዝ» የምትለዋን ትእዛዝ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ይላሉ፤ በአራቱም ይቆጣሉ። ሕመምተኛ ሲገባ ግን ቀድመው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ትህትና መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የከባድ መኪና ሹፌር ጨብጠው ሲያበቁ፣ ፊልሙ የሚገባበትን ካሴት ላቀብላቸው ጠጋ ስል፣

«ጣቶቹን አየሻቸው?» አሉኝ በቀስታ።

አላየሁም።

«ሂጂና ሰላም በይው።»

ሄጄ ጨበጥኩት። የጣቶቹ ጫፍ አብጠው ክብ ሆነዋል፤ ጥፍሮቹም እንደ ማንኪያ ጀርባ ጎብጠው ወደ ታች ዞረዋል። ሰውየው ራሱ ልብ ያለው አይመስልም። ጋሽ በድሪ እጅ የሚጨብጡት ለዚህ ነበር። «ጣት እንዲህ ሲሆን ሳንባውን ትጠረጥሪያለሽ» አሉኝ። «ቶሎ ቶሎ አታዪውም፤ ስታዪው ግን አትለፊው።»

ያ ሹፌር ሁለት ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ጨርሷል። አክታው ሲመረመር ግን አንድም ጊዜ ቲቢ አልተገኘበትም። በእኛ አገር ሳል ሲባል ቲቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ልክ ያልሆነበት ጊዜ ነው የሚገድለው። ፊልሙን ከገንዳው አውጥተን መብራቱ ላይ ስንሰቅለው፣ ቀኝ ሳንባው መሀል ላይ ጡጫ የሚያህል ነጭ ነገር ነበር። ከጅቡቲ መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስደው በቀን ሁለት ፓኬት ሲጋራ ያጨስ እንደነበር ነገረን። ሲነግረን እየሳቀ ነበር። ጋሽ በድሪ ሐኪሙ ጋ ራሳቸው ፊልሙን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቻቸውን ልቅም አድርጌ ያዝኩ። አጫሽ ሁልጊዜ ይስላልና «ትስላለህ ወይ?» ብለው አይጠይቁም። «ሳልህ ያው የድሮው ነው ወይስ ጠባዩን ቀየረ?» ነው የሚሉት። ሦስት ሳምንት ያለፈውን ሳል አይንቁም። «ደም አየህ?» ይላሉ፤ ሰውየው «ትንሽ ናት» ካለ «ትንሽ የሚባል ደም የለም» ብለው ይቆጣሉ። «ቀበቶህን ስንት ቀዳዳ አጠበብክ?» «ድምፅህ ከመቼ ወዲህ ጎረነነ?» «ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ትቆማለህ?» «የሳንባ ምች ስንት ጊዜ ተመላለሰብህ?» ይህን ሁሉ የሚጠይቁት ሰውየው ልብሱን እስኪያወልቅ ነው። ራጅ አንሺ ይህን መጠየቅ ሥራው አይደለም የሚሏቸው ነበሩ። አልሰሟቸውም።

ችግሩ፣ በእኛ ከተማ እያንዳንዱ ምልክት ሌላ ስም አለው። ከሳ? ጫት ምግብ ዘግቶበት ነው። ድምፁ ጎረነነ? ትናንት በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቅም፣ ብዙ አውርቶ ነው። ሳለ? የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አቧራ ነው። ትከሻውን አመመው? ቬንትሌተር ስር ተኝቶ፣ ነፋሱ መትቶት ነው። ሙቀቱ ቬንትሌተር ሳይከፈት የማያስተኛን ሰዎች፣ ሕመማችንን ሁሉ ቬንትሌተሩ ላይ እናላክካለን።

ከጋሽ በድሪ ልማዶች ሁሉ ትልቁ ግን የክታቡ ነው። ድሬ ውስጥ ክታብ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው ብዙ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። በቆዳ የተሰፋ አለ፣ በቆርቆሮ የታሸገ አለ። ራጅ ላይ ነጭ ጥላ ሆኖ ይወጣል። የደረት ራጅ ስናነሳ ሰውየው ደረቱን ካሴቱ ላይ ይለጥፋል፤ ክታቡን አላወልቅም ካለ ወደ ጀርባው ይወረውረዋል፤ ጥላውም የሳንባው ጫፍ ላይ ያርፋል። አንዳንዱን ብትገድለው አያወልቅም። ጋሽ በድሪ አያስገድዱም። ሁለት ጊዜ ያነሱታል፤ አንዴ ክታቡ በግራ ትከሻ፣ አንዴ በቀኝ ሆኖ።

«ከክታቡ ጋር የሄደው ጥላ የክታቡ ነው» ይሉኛል። «ከቦታው ያልተነቃነቀው የሰውየው ነው። ሳታንቀሳቅሺ ክታብ ነው እንዳትይ።»

የፊልም መጋዘን ኃላፊው «ለአንድ ሰው ሁለት ፊልም!» እያለ ይጮህ ነበር። ጋሽ በድሪ ይፈርማሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይሄዳሉ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን እኔ ያዝኩ። ልማዳቸውንም ያዝኩ። አብዛኛውን ጊዜ።

ዘይነባን የማውቃት ለገሃሬ ሰፈር ጎረቤቴ ሆና ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖርን። ጾም ስይዝ የጾም ወጥ ሠርታ በግድግዳው ላይ ታሻግርልኛለች፤ ረመዳን ሲሆን እኔ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ልጆቻችን የትኛው ቤት እንደበሉ አናውቅም። ቀይ፣ ሙሉ፣ ሳቋ ሦስተኛው ቤት የሚሰማ ሴት ነበረች። አንገቷ ላይ እናቷ በሠርጓ ቀን ያሰረችላት ክታብ አለ፤ ስትታጠብም አታወልቀውም።

ባሏ ሀሰን የከባድ መኪና ፍሬን ሠሪ ነው። ሰው ሁሉ «ሀሰን ፍሬን» ነው የሚለው። የፍሬን ሸራ ይፍቃል፣ ይበሳል፣ ቅንጣቢውን በኮምፕሬሰር ይነፋል። ቀትር ላይ ለምሳ ሲመጣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ግራጫ ነው። ዘይነባ ቱታውን ትቀበለውና ጓሮው ግድግዳ ላይ በኃይል እየመታች ታራግፈዋለች። አቧራው እኔ ግቢ ድረስ ይመጣ ነበር። «ዛሬም ግማሹን ጋራዥ ተሸክመህ መጣህ አቦ!» ትለዋለች፤ እሱም «ግማሹን ለነገ ትቼዋለሁ» ይላታል። ከምሳ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ይቀመጣል። ሙቀት እንዳይገባ መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ። እሷ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ እያመላለሰች ትወጣለች ትገባለች። ሲጋራ አፏን ነክቶት አያውቅም።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የራጅ መጠየቂያ ወረቀት ይዛ መጣች። ሁለት ወር የቆየ ደረቅ ሳል አለባት። የአክታ ምርመራው ነጻ ብሏታል። «ዶክተሩ ልጅ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ወደ አንቺ ላከኝ» ብላ ሳቀች። ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ፊልም ብቻ ቀርቶኛል፤ አዲስ የሚመጣው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። በረዶው ቀልጧል። ከተማው ለቀትር ሊዘጋ ነው።

እንደ ማንኛውም ሰው አቆምኳት። ደረት ወደ ካሴቱ፣ አገጭ ወደ ላይ፣ እጅ ወገብ ላይ፣ ክርን ወደ ፊት። የትከሻ አጥንት ከሳንባው ላይ ዞር እንዲል ክርን ወደ ፊት መምጣት አለበት። የቀኙ መጣ። የግራው አልመጣ አለ።

«አይ፣ ቀስ በይ!» አለች ተሸማቅቃ። «ይቺ ትከሻዬ ሌሊት አታስተኛኝም። ቬንትሌተሩ ነው።»

«ቬንትሌተሩን ወደ ሀሰን አዙሪው» አልኳት። ሳቅን። የሆስፒታሉ ጋዋን እስከ አንገቷ ተዘግቷል። ክታቡን አልጠየቅኳትም። ሃያ ዓመት የማውቀውን ነገር ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ትንፋሽ አስያዝኳት፣ አነሳሁ።

ፊልሙ ሲታጠብ፣ ግራ ሳንባዋ ጫፍ ላይ፣ ከአንገት በታች ባለው አግድም አጥንት አጠገብ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነገር ነበር። አየሁት። አላየሁትም ብዬ አልዋሽም። ወደ ጀርባዋ የወረወረችው ክታብ ነው አልኩ። ሁለተኛ ፊልም ላውጣ ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ሦስት ነበሩ፣ አሁን ሁለት ናቸው፤ ከሰዓት የመኪና አደጋ ቢመጣስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ፖስታው ላይ፣ ሐኪሙ እንዳይደናገጥ፣ ጥላው ያለበትን አመልክቼ በእርሳስ «ክታብ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ወጣቱ ሐኪም ጽሑፌን አመነ። የሕመም ማስታገሻና የሳል ሽሮፕ አዘዘላት። እኔም በሩ ላይ አቅፌ «ንጹህ ነው፣ አይዞሽ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። ሁሉ ነገር ዓይኔ ሥር ነው የሆነው። ትከሻዋ ባሰ፤ ወጌሻ አሻት። ሕመሙ በክንዷ ወርዶ ትንሿ ጣቷ ድረስ ደረሰ፤ ሀሰን ቬንትሌተሩን ነቅሎ ሌላ ክፍል ከተተው። ድምፅዋ ጎረነነ፤ ሰፈሩ «ዘይነባ ወንድ ሆነች» እያለ ቀለደባት፣ እኔም ቀልጃለሁ። ከሳች፤ የረመዳን ነው ተባለ፤ ረመዳን አለፈ፤ የሙቀቱ ነው ተባለ። የማላውቀው ነገር አይደለም። ጋሽ በድሪ እያንዳንዱን ምልክት በእጄ አስይዘውኛል። የማላውቃት ሴት ብትሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር እጇን ይዤ ሐኪም ቤት እወስዳት ነበር። እሷ ግን በራጅ «ንጹህ» ነበረች፤ ያጠራኋት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። አንዴ ንጹህ ካልኩ በኋላ ዓይኔ መፈለጉን ተወ።

አንድ ጠዋት በግድግዳው ላይ ስታናግረኝ የግራ ዓይኗ ቆብ ወደ ታች ወርዷል። «እንቅልፍ ነው?» አልኳት። «እንጃ፣ ሰሞኑን ከፍቼው አይከፈትም» አለች፤ ሳለችና መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። መሐረቡ ላይ ደም ነበር።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሁለት ሳምንት። ትንሽ ናት።»

በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ፊልምና ጨለማ ክፍል ቀርቷል፤ አዲስ ማሽን ገብቶ ምስሉ ወዲያው ኮምፒዩተር ላይ ይመጣል። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ በረዶ መግዛት ቀረልን። ጨለማ ክፍል ምን ይሰጠን እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው። ፊልም ሲታጠብ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ብታይ፣ ፊትሽን አስተካክለሽ የምትወጪበት ደቂቃ ነበረሽ። አሁን ግን ቁልፉን ተጫንኩ፤ ስክሪኑ በራ፤ ዘይነባ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን የእኔን ፊት ነው። የግራ ሳንባዋ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። አጠገቡ ያለው የጎድን አጥንት ተበልቷል፤ ወደ ክንዷና ወደ ዓይኗ ቆብ የሚሄደውን ነርቭ የተጫነውም እሱ ነበር። ጮህኩ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሕመምተኛ ፊት ጮኼ አላውቅም።

«አልማዝዬ፣ ምን አየሽ?» አለችኝ።

ልብሷን አልብሼ ሐኪሙ ጋ ይዣት ገባሁ።

ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ ሀሰን ሥራ ይዞት እኔ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ሄድኩ። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ የሳንባ ካንሰር ነው። የደረት ሐኪሙ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። «ያጨሳሉ?» አላት። «ወላሂ፣ አንድም ቀን።» «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ዘይነባ መሬት መሬት አየች። «ባለቤትዎ ሥራው ምንድን ነው?» ነገረችው። «የሥራ ልብሱን ማነው የሚያጥበው?»

ተናደድኩ። ሰው እየሞተ ስለ ልብስ አጠባ ይጠየቃል? ሐኪሙ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የድሮ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር እንደሚገባ፣ ሲፋቅ እንደ ቃጫ ሆኖ ዓይን የማያየው ብናኝ እንደሚሆን፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ብዙ ዓመት ተቀምጦ እንደሚነሳ አስረዳን። ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ልብሱን የምታራግፈው ሚስትም ትተነፍሰዋለች። «የአንድን ሰው ካንሰር ከዚህ መጣ ብሎ መማል አይቻልም» አለ። «ከሁሉ የሚብሰው ሲጋራ ነው፤ የሌላ ሰው ጭስም ይጎዳል። ጭሱና ይሄ ብናኝ አንድ ሳንባ ውስጥ ሲገናኙ ግን አደጋው በጣም ይከፋል።» እኔ ጓሮው ይታየኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የምትመታው ቱታ፣ የሚነሳው አቧራ፣ የእሷ ሳቅ። ያን ሁሉ ዓመት አይቼዋለሁ፤ ደረት ማየት ሥራዬ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ቀጥሎ «የድሮ ራጅ ይኖርዎታል?» አለ። ዘይነባ እንደ ሰው ሁሉ ፊልሟን ቤት አስቀምጣ ኖሮ ከቦርሳዋ አወጣችው። ሐኪሙ መብራቱ ላይ ሰቀለው። ብዙም አላየውም።

«እዚህ ላይ እኮ አለ» አለ። «ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ያኔ ቢሆን በቀዶ ሕክምና መሞከር ይቻል ነበር።» ፖስታውን ገለበጠና የእርሳስ ጽሑፌን አነበበ። «ክታብ ነው ያለው ማነው?»

ዘይነባ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። እኔ ደግሞ ፖስታውን ተቀብዬ ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩት። ሐኪሙ አንዴ አየኝ፤ የገባው መሰለኝ፤ አልጠየቀኝም።

የነገርኳት አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ስንመለስ። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። ሚኤሶ ከተማን እንዳለፍን እጇን ያዝኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ጥላውን እንዳየሁት፣ ሳጥኑን ከፍቼ እንደዘጋሁት፣ ምን ብዬ እንደጻፍኩ። መስኮቱን ታያለች። ስጨርስ ዞር ብላ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ፣

«ያን ቀን ክታቡ አንገቴ ላይ አልነበረም እኮ» አለችኝ።

«ምን?»

«‹ሰዎቹ ክታባቸውን አያወልቁልኝም፣ ፊልም ያስጨርሱኛል› እያልሽ በግድግዳው ላይ ስንት ጊዜ አማረርሽብኝ? እንዳላስቸግርሽ ብዬ ጠዋት አውልቄ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነው የመጣሁት። ከሠርጌ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው ያወለቅኩት። አልጠየቅሽኝም እንጂ እነግርሽ ነበር።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳወጣሁ አላውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተሳሳትኩት ሁለተኛ ፊልም ባለማንሳቴ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሌለ ነገር ነው ያየሁት። አንዲት ጥያቄ፣ «አውልቀሻል?» ብል፣ ሁሉ ነገር ይገለጥ ነበር።

ዘይነባ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድሬ ልንገባ ስንል፣ መልካ ጀብዱ አካባቢ፣ «አንድ ነገር ማይልኝ» አለች። «ስለ ቱታው ለሀሰን አትንገሪው። ስለ ጭሱም። ልጆቹ ከእንግዲህ የሚቀራቸው እሱ ነው። ይህን ተሸክሞ እንዴት ያሳድጋቸዋል?» ማልኩላት። በዚያ ሰዓት ምን ብትለኝ እምል ነበር።

አምስት ወር ቆየች። መድኃኒቱ ጥቂት ጊዜ አቀለላት፣ ከዚያ ተወው። መጨረሻ ላይ ትከሻዋ የሚያርፍባት ትራስ ጠፋ፤ እኔና ሀሰን ተራ በተራ ደግፈናት እንቀመጥ ነበር። ጁምዓ ጠዋት አረፈች፤ ከሰዓት ተቀበረች።

ከተቀበረች ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ሀሰን በግድግዳው ላይ ጠራኝ። ሄድኩ። በርጫውን ትቶታል፤ ሲጋራውንም ትቶታል። ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከጋራዥ እንደመጣ ነው፤ ቱታው ላዩ ላይ አለ። የሚቀበለው ሰው የለም።

«አልማዝ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ» አለኝ። «ሲጋራውን ያጨስኩት እኔ ነኝ። አቧራ ውስጥ የዋልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ደህና ነኝ። እሷን ከምን አገኛት?»

«የአላህ ሥራ ነው» ብለው ይቀበለኝ ነበር። ያች መልስ አፌ ላይ ደርሳለች። ለዘይነባም ምያለሁ። ግን አንዴ ለሚያምነኝ ሰው ሳላይ ቀላሉን ነገር ጽፌ የመጣውን አይቻለሁ። ተቀመጥኩና ነገርኩት። የሲጋራውን ጭስ፣ የፍሬን ሸራውን ብናኝ፣ ቱታውን ግድግዳው ላይ ስታራግፍ የተነፈሰችውን። በእርግጠኝነት መማል እንደማይቻል ሐኪሙ ያለውንም ነገርኩት። የራጁንም ነገርኩት፤ «ማወቅ የነበረብኝ ከአንተ ይልቅ እኔ ነኝ» አልኩት። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ቱታውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። ፊቱ ላይ ያለው አቧራ በእንባው መስመር ሠራ። ከዚያ በድንገት ቀና አለ።

«የኢብራሂም ሚስት እርጉዝ ናት» አለኝ።

«የየትኛው ኢብራሂም?»

«እዚያው ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራው። እሷም ቤት ነው የምታራግፍለት። ሁላችንም ቱታችንን ይዘን ነው ወደ ቤት የምንገባው።» ተነሳ። «አሁን ምሳ ሰዓት ነው። አሁን እየተቀበለችው ነው።»

ቱታውን እዚያው ጓሮ መሀል አወለቀና ሳያራግፈው ጥሎት፣ በቁምጣውና በካናቴራው፣ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ መንገድ ላይ ፀሐይና እሱ ብቻ ናቸው። መሮጥ ጀመረ። እኔም ቤቴን ሳልቆልፍ ተከተልኩት።